የተፋሁት ጉልበት

የእህቴ ልጅ ውባለም ጎንደር ከተማ አስተማሪ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከተማሪ የነጠቀችውን የፈረንጅ የሥዕል መጽሐፍ በቦርሳዋ ይዛ እቤቴ መጣችና፣ ጠላዬን ቀድታልኝ፣ እየገለጠች ታሪኩን ትነግረኝ ጀመር። ሰውየው ከሲታ ነው። ወታደር ልሁን ብሎ ይሄዳል፤ አትረባም ብለው ይመልሱታል። አንገቱን ደፍቶ ሲተክዝ አንድ ሊቅ ይመጣና መድኃኒት ያጠጣዋል። ቀጣዩን ገጽ ስትገልጠው ያ ከሲታ ደረቱ የቤተ ክርስቲያን በር አክሎ፣ ሸሚዙ ከላዩ ላይ ተቀዶ ቆሟል።

«ቆይ እስቲ» አልኳት። «ይህ የኔ ታሪክ ነው። ለፈረንጆቹ ማን ነገራቸው?»

ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም። እስከ መድኃኒቱ ድረስ ያለው ነገር አንድም ሳይቀር በኔ ላይ ደርሷል። የምንለያየው ሆዳችን ላይ ነው። የፈረንጁ ሆድ የሰጡትን ይዞ ይቀመጣል፤ የኔ ሆድ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አደራ አያውቅም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ ደብር የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። ተማሪ ነበርኩ ማለቴ ቅኔ ቤት እተኛ ነበር ለማለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ከጉባኤ ቃና፣ ያቺ ጀማሪ ከሚቆጥራት ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ፈቅ አላልኩም። በመጨረሻ የኔታ ራሳቸው ተስፋ ቆርጠው፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ለሁሉም ያድላል፤ ላንተ ያደለህን ግን እኔ ፈልጌ አጣሁት» አሉኝ። እንግዲያው ራሴ ልፈልገው አልኩ። ከተማው ውስጥ ወታደር እየተመለመለ ነው ሲባል፣ አገኘሁት ብዬ ሰልፉ ውስጥ ገባሁ።

መልማዩ የመቶ አለቃ ደረቴን በሲባጎ እየለካ «ደረትህን ንፋ!» አለኝ። ነፋሁ። «ንፋ እንጂ!» አለኝ። «ነፍቻለሁ ጌታዬ» አልኩት። ሲባጎውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከኋላዬ የተሰለፉትን አየ። «ወንድሜ» አለኝ፣ «አንተን ጠመንጃው ይሸከምሃል እንጂ አንተ ጠመንጃውን አትሸከመውም። ሂድና ብላ።» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ሂድና ብላ ማለት ቀላል ነው። የቆሎ ተማሪ ምኑን ይበላል? በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከለመናት ቁራሽ እንኳ ግማሿ ከውሻ ሲሸሽ መንገድ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ቅኔውን ለባለቤቶቹ ትቼ፣ አኮፋዳዬን አንግቼ፣ ጠዳ ወዳለችው እህቴ ወደ አትጠገብ ሄድኩ። አትጠገብ ታላቄ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ደሴ የሚባል ገበሬ ነው፤ ካፉ ክፉ አይወጣም። ሦስት ወር ሙሉ አቅማቸው የቻለውን አበሉኝ። እህሉ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው፤ እኔ እንደነበርኩ ስሆን፣ ፍርፋሪዬን የሚለቅመው ውሻቸው ወፈረ።

ያን ጊዜ ቆርጬ ተነሣሁ። ሰው ቆርጦ ሲነሣ ሞኝነት አያግደውም፤ እንዲያውም ከኋላ ሆኖ ይገፋዋል።

አብሾ የሚባለውን ነገር የማያውቅ አንባቢ ካለ እድለኛ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪ አእምሮ ይከፍታል ብሎ፣ ሱባኤ ይዞ የሚጠጣው ነገር ነው። የሚስማማው ዳዊቱን በሳምንት በቃሉ ይይዘዋል ይባላል። የማይስማማው ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ይኖራል፤ እንዲያ ሆነው የቀሩ አውቃለሁ። ደግሞ ሌላም ወሬ አለ፦ አብሾ ያለበት ሰው የተቆጣ ወይም መጠጥ የቀመሰ እንደሆነ አሥር ጎረምሳ አይዘውም ይላሉ። የኔ ጆሮ ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነበር የያዘው። ዕውቀቱን ትቶ ለጉልበት ብሎ አብሾ የጠጣ ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ጠዳ ውስጥ ይህን ነገር የሚያውቁት ደብተራ ክንፉ ናቸው። ደጃቸው ሄጄ ቆምኩ።

«አያ ክንፉ፣ አብሾ ያጠጡኝ።»

«ቅኔውን ጥለህ መጥተህ?»

«ለቅኔ አይደለም፤ ለወታደርነት ነው።»

«ኧረ በማርያም! ያሳብዳል እኮ።»

«ያሳብደኝ። እብድ ወታደር ሸጋ ነው፤ ጠላት ይፈራዋል።»

አያ ክንፉ እምቢ አሉ። በማግስቱም ሄድኩ፤ እምቢ አሉ። በሦስተኛው ቀን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «በል ና፣ ከምትነዘንዘኝስ እበድ» ብለው፣ ሰባት ቀን ሽምብራ ቆሎ ብቻ እየቆረጠምኩ ሱባኤ እንድይዝ አዘዙኝ። ያዝኩ። በስምንተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ከጓሯቸው አስቀምጠው አንድ ቅል ሙሉ አረንጓዴ ነገር ሰጡኝና፣ «እስክመለስ ጨርሰህ ጠብቀኝ» ብለው ድርሳን ሊያመጡ ገቡ።

ምሬቱን አልነግራችሁም። ጨርሼ ቅሉን ሳስቀምጥ ሆዴ ተገለበጠ። ሰባት ቀን የቆረጠምኩት ሽምብራ እንኳ መንገድ አልዘጋበትም። ከአጥሩ ሥር ተደፍቼ የጠጣሁትን በሙሉ ተፋሁት፤ ነጠላዬም ድርሻዋን አገኘች። እዚያው ታስሮ የነበረው የአያ ክንፉ ወጠጤ ደግሞ፣ መቼም ፍየል ምን ይንቃል፣ ቀረብ ብሎ ልሶ ልሶ ጨረሰው።

«ጨረስከው?» አሉኝ አያ ክንፉ ሲመለሱ።

«ጨረስኩት» አልኩ።

መጨረሱንማ ጨርሼዋለሁ፤ አሁን የት ነው ብለው አልጠየቁኝም። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ሰባት ቀን ሽምብራ የቆረጠመ ሰው፣ ሌላ ሰባት ቀን የሚያስፈርድበትን ቃል እንዴት ይናገራል? መልሼ ዘጋሁት። በማግስቱ ወጠጤው ገመዱን በጥሶ፣ አጥሩን ጥሶ፣ አያ ክንፉን ከኋላ ወግቶ ጎመናቸው ውስጥ ጣላቸው። «ምን ሰይጣን ገባበት!» እያሉ ጠበል ረጩት። ምን እንደገባበት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የኔ ወሬ ግን ከወጠጤው ፈጥኖ ጠዳን አዳረሰ። የአትጠገብ ወንድም አብሾ ጠጣ! ከሲታነቴ ራሱ ማስረጃ ሆነ፤ «ሥጋው ሁሉ ጅማት ሆኖ እኮ ነው» ይላሉ። በድንበር የተጣሉ ሁለት ገበሬዎችን እንዳስታርቅ ተጠርቼ ሄጄ፣ አቧራ ጉሮሮዬ ገብቶ ገና ስስል ተቃቅፈው ታረቁ። አንድ ቀን ደግሞ በሬ ቦይ ውስጥ ወድቆ «እሱን ጥሩት!» ተባለ። ስወርድ አዳለጠኝና ሳላስበው ጅራቱ ላይ ተንጠለጠልኩ። በሬው ደንግጦ በአንድ ዝላይ ወጣ፤ እኔንም አብሮ ይዞኝ ወጣ። ከላይ ሆኖ ላየ ሰው ገፍቼ ያወጣሁት ነው የሚመስለው። ውሎ ሲያድር ለኔም እንደዚያ ይመስለኝ ጀመር።

ጉልበተኛ መባል ግን ክፉ ነገር ነው። በየድግሱ ጠላው እኔ ጋ ሲደርስ ዘሎኝ ያልፋል። «ለሱ ውኃ ስጡት! ይህ ከጠጣማ ማን ይይዘዋል?» ይላል ባለ ድግሱ። ሠርግ ብሄድ ውኃ፣ ማኅበር ብሄድ ውኃ፤ በዚያ ሁሉ ፌሽታ መካከል እንደ ባሕታዊ ከረምኩ። ሸክም ሲሆን ግን ማንም አይዘለኝም። የወፍጮ ድንጋይ የሚያዞር፣ ግንድ የሚያነሣ ሲጠፋ «እሱ እያለ!» ይባላል። ቃሬዛ ስንሸከም እንኳ ሦስቱ ሰዎች ቀስ ብለው ትከሻቸውን ያሸሹብኛል። ተሰባብሬ ቤት ስገባ አትጠገብ፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ የገፋ ሴት፣ ወገቤን በቅቤ ታሸኛለች።

«ይኸ ጉልበትህ ምነው እንዲህ ያምሃል?» ትለኛለች።

«ገና አዲስ ስለሆነ ነው» እላታለሁ። ቅቤ ጨምራ ታሻለች።

ያም ሆኖ ከሐሳቤ ንቅንቅ አላልኩም። ሐምሌ ላይ ጎንደር ሌላ ምልመላ እንዳለ ሰምቻለሁ። ጭቃ ሹሙ፣ የአገራችን ሹም አያ ታከለ፣ «የዚህ ሰው ጉልበት በአገር ሁሉ የታወቀ ነው» የሚል ደብዳቤ አስጽፈው ማኅተማቸውን መቱበት። በጨርቅ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ያ የመቶ አለቃ ዘንድሮ ሲባጎውን አስቀምጦ ደብዳቤዬን ቆሞ ያነባል አልኩ።

ምልመላው ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው አትጠገብን ምጥ ያዛት። ያ ቀን አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ያውም በምልመላው ቀን፣ አዋላጇ ወጣችና፣ «ከኔ አቅም በላይ ነው። ዛሬውኑ ጎንደር ሐኪም ቤት ካልገባች ሁለቱንም ነው የምናጣ» አለች። ደሴ አንድ ቃል እንኳ መናገር አቃተው። እግዜር ሲያውቅልን ከማክሰኝት እህል ጭኖ የሚመጣ ማኪና ደረሰ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ አትጠገብን ከነባሏ ጋቢና አስገባት። እኔ ከላይ ጆንያው ላይ ወጣሁ። እዚያ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ተሳፍሯል። ከነሱም መካከል ፍርድ ቤት ለክርክር የሚሄዱት ጭቃ ሹሙ አያ ታከለ፣ እንዲሁም አያ ክንፉ ከነወጠጤያቸው አሉበት። ፍየሉ ከዚያች እሑድ ወዲህ አላስቀምጥ ስላላቸው፣ ገበያ ወስደው ሊገላገሉት ቆርጠዋል።

ከጠዳ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አንድ ወንዝ አለ። ድልድዩን ጎርፍ ስለሸረሸረው ማኪና የሚሻገረው በጎን በጭቃው ነው። የኋላ ጎማችን እስከ ወገቡ ሰመጠ።

«ውረዱና ግፉ ጎበዝ!» አለ ሾፌሩ።

ሁሉም ወረደ። ማንም አልገፋም። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ቆመ። አንዳንዱማ ጋቢውን ድንጋይ ላይ አንጥፎ ተቀመጠ። ጭቃ ሹሙ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ዞር በሉ እንጂ፤ ቦታ ስጡት!» እያሉ ሰውን ያስተናግዳሉ። ምን ላድርግ? ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁ። ማኪናው መገፋቱንም አልሰማ።

«ኑ እንጂ፣ አግዙኝ!» አልኩ።

«እንዳትጠጉት!» ብለው ጮኹ አያ ክንፉ። «አብሾ ያለበት ሰው ጉልበቱ የሚመጣ ሲቆጣ ነው። ያን ጊዜ አጠገቡ የተገኘ ያልቃል። ይልቅስ ራቅ ብላችሁ አስቆጡት!»

«ከሲታ!» አለ አንዱ ፈራ ተባ እያለ።

«ጉባኤ ቃና የከበደው!» አለ ሌላው።

«የሰው ጠላ እያየ ምራቁን የሚውጥ!» አለ ሦስተኛው፤ ይህን ያለው ከልቡ ነበር። ጭቃ ሹሙ ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ይቅር በለኝና፣ የማትረባ ነህ» አሉኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአትጠገብ ጩኸት ከጋቢናው ይሰማ ነበር። ድንገት ቀጥ አለ። ደሴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ዓይኗን ከደነች!» አለ።

ያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሃያ ጤነኛ ሰው እጁን አጣጥፎ ቆሞ፣ እናት ሆና ያሳደገችኝ እህቴ ልትሞት ነው። የሚገድላት ደግሞ ጭቃው አይደለም፤ የኔ ስም ነው።

«ስሙኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ጉልበት የለኝም! ኖሮኝም አያውቅ! አብሾውን ተፍቼዋለሁ! ያኔውኑ አጥሩ ሥር ተፍቼዋለሁ!»

አያ ክንፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አያችሁ፣ ሊመጣበት ሲል እንዲህ ያስለፈልፈዋል» አሏቸው። ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁ። «አያ ታከለ፣ ይውሰዱት። የተጻፈው ሁሉ ውሸት ነው» አልኳቸው። አልቀበልም ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«እሺ፣ አንተ ካልጠጣኸው ማን ጠጣው?» አሉ አያ ክንፉ።

«ወጠጤዎ!»

አያ ክንፉ ክው ብለው ገመዱን ለቀቁት። ወጠጤውም የተጠራ መስሎት ነው መሰል፣ አንገቱን ደፍቶ መጣና ወገቤን አለኝ። ከነደብዳቤዬ በግንባሬ ጭቃው ውስጥ ተተከልኩ። በዚያ ወጠጤ ላይ ቂም የለኝም። ሃያ ሰው ያላመነኝን ነገር በአንድ ምት አስረዳልኝ።

አያ ክንፉ በጣታቸው ሲቆጥሩ ይሰማኛል። «እሑድ እሱ ጠጣ… ሰኞ ይኸ ወጋኝ… ወይ የማርያም ልጅ!» ይኼኔ ሳቁ ፈነዳ። ሆዱን ይዞ ያልተቀመጠ የለም። ጭቃ ሹሙ ብቻ አልሳቁም። ደብዳቤውን በሁለት ጣታቸው ከጭቃው አውጥተው፣ ማኅተማቸውን አይተው፣ ለሁለት ቀደዱት። እኔ ግን ጭቃውን ከዓይኔ ጠርጌ ተነሣሁ።

«ሳቁ!» አልኳቸው። «ስደቡኝም! ግን እየገፋችሁ!»

እየሳቁ መጡ። የሚስቅ ሰው ጉልበት የለውም የሚሉት ውሸት ነው። ሃያ ትከሻ ማኪናው ላይ አረፈ፤ እኔ ከጎማው ሥር ድንጋይ እየጎዘጎዝኩ፣ አያ ክንፉ ድርሳናቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጭቃ ሹሙም እያጉረመረሙ ገፋን። አንዴ ተንገዳገደ፣ ሁለቴ ተንገዳገደ፣ ከዚያ እየጓራ ወጣ። መጨረሻ ላይ ገፍቶ ያወጣው ወጠጤው ነው ብሎ ሾፌሩ እስከ ዛሬ ይምላል።

እኔ ጆንያው ላይ አልተመለስኩም። ጋቢናው በር ላይ ተንጠልጥዬ፣ አንገቴን በመስኮቱ አስገብቼ «አትጠገብ! አትጠገብ!» እያልኩ ሄድኩ። አዘዞ ልንገባ ስንል ዓይኗን ገለጠች። አፈር የመሰለ ፊቴን አየችውና ከንፈሯ ፈገግ አለ።

«ተፍቼዋለሁ ስትል ሰማሁህ» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ። ነጠላህን ያጠብኩ እኔ አይደለሁ?»

«ምነው ታዲያ እስካሁን ዝም አልሽ?»

ምጡ መጣባትና የደሴን እጅ ጨብጣ አሳለፈችው። ከዚያ፣ «ጉልበተኛ ሲሉህ ቀና ብለህ መሄድ ጀምረህ ነበር» አለችኝ። «እንደዚያ ስትሄድ ማየት ደስ አለኝ።»

ጭቃው ፊቴን ሸፍኖልኝ ስለነበር እንባዬን ማንም አላየብኝም። ጎንደር ስንገባ በመልማዮቹ ደጅ አለፍን፤ ሰልፉ ቆሟል፤ ያ የመቶ አለቃም ሲባጎውን ይዟል። አልወረድኩም። ከሰዓት በኋላ አትጠገብ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» አለና የቀረውን ዋጠው።

ጠዳ ስመለስ ስሜ «ፍየል የጣለው» ሆኗል። ወታደርም ሳልሆን ቀረሁ፤ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ እዚሁ ጎንደር ኖርኩ። በሰማንያ ቀን የሕፃኗ ክርስትና ሲበላ ግን፣ ያ ወንዙ ላይ መጀመሪያ «ከሲታ!» ያለኝ ሰው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከሰው ሁሉ በፊት እኔ ጋ መጣና ዋንጫዬን እስከ አፉ ሞላው። «ጠጣ» አለኝ፤ «አንተማ ምን ታመጣለህ!» ድግሱ በሳቅ ተናወጠ። እንደዚያ ቀን ጠላ ጥሞኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ነው ባለፈው ቅዳሜ ለውባለም የነገርኳት። የዚያን ቀን የተወለደችው እሷ ናት። የሥዕል መጽሐፏን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ስለ ፍየሉ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «እማዬን ስጠይቃት ግን ሁልጊዜ የምትነግረኝ ሌላ ነው። ‹ሰው የሚለውን አትስሚ፤ ማኪናውን ያነሣው አጎትሽ ነው› ትለኛለች። እውነቱ የቱ ነው?»

ይህን ያህል ዓመት ስሜን ስትጠብቅልኝ ኖራለች ለካ።

«እናትሽ ጋቢና ውስጥ ነበረች» አልኳት። «በደንብ አላየችም።»

ውባለም ብድግ ብላ ማንቆርቆሪያውን አነሣችና ብርጭቆዬን እስከ አፉ ሞላችው።

«ጠጣ አጎቴ» አለችኝ፤ «አንተማ ምን ታመጣለህ።»